ባሌ ግዳጅ ላይ ነው፤ የልጃችንን ጾታ እንዴት አብረን እንወቅ?

ጠያቂዋ

ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። ምክር ፈልጌ ነው። 19ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፣ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ባሌ ወታደር ነው፤ አሁን ከአገር ውጭ ግዳጅ ላይ ነው ያለው። የሄደው እርግዝናው 8 ሳምንት ሲሆነው ነው። ያኔ ሆዴ ላይ ምንም አይታይም ነበር። አሁን ገፍቷል። እሱ ግን ያየው በስልክ ብቻ ነው፣ ያውም ኔትወርኩ ደህና በሆነ ቀን።

የሚደውለው በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። አንዳንዴ ከካምፕ ወጥተው ሲቆዩ 9 ቀን፣ 10 ቀን ድምፁን ሳልሰማ ያልፋል። ሲመለስ መጀመሪያ የሚጽፍልኝ «እንዴት አደራችሁ?» የሚል ነው። እሱ ጋ ምሽት ቢሆንም «አደራችሁ» ነው የሚለው፣ እኔ ጋ ጠዋት መሆኑን አስቦ። ለሁለታችን መጠየቁ ነው። ይቺን ቃል ባየኋት ቁጥር እጄ ሳላስበው ሆዴ ላይ ያርፋል።

በሚቀጥለው ሳምንት አልትራሳውንድ አለኝ፣ ጾታው ሊታይ ይችላል ብለውኛል። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። እህቴ ጀንደር ሪቪል (የልጁ ጾታ ለሰው የሚገለጥበት ድግስ) ካላደረግን ብላ ተነስታለች፤ ፊኛ፣ ኬክ፣ ባለቀለም ጭስ፣ ሰው መጥራት። አማቴ ደግሞ «ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገሪኝ» ይሉኛል። ሁሉም ደስ ብሏቸው ስለሆነ አልተቀየምኳቸውም። ግን እሱ ሳያውቅ ሰው ሁሉ ማወቁ ውስጤን ይበላኛል። እኔስ ራሴ ከእሱ በፊት ማወቅ አለብኝ? ወይስ እስኪደውል ልጠብቅ? ቪዲዮ ኮል እንዳላደርግ መሃል ላይ ይቋረጣል። ባለፈው የልብ ምቱን ላሰማው ብዬ ሦስቴ ተቆራረጠና መጨረሻ ላይ የሰማው አንድ «ዱብ» ብቻ ነው። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ያለሽበትን አውቀዋለሁ፣ እኔም የመጀመሪያዬን ያረገዝኩት ባለቤቴ ሚሽን ላይ እያለ ነው። የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ።

የምርመራው ዕለት ለእናቴና ለሁለት እህቶቼ ነገርኳቸው። ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ አስምዬ ነው የነገርኳቸው። ለእሱ ደግሞ ሲደውል በራሴ ድምፅ ልነግረው ነበር ሐሳቤ። አንዷ እህቴ ከደስታዋ ብዛት ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጠፈች። ስም አልጠራችም፣ ምንም አልጻፈችም፣ ሁለት ትንንሽ ሮዝ ካልሲዎች ብቻ። እሱ ለ20 ደቂቃ ኔት ሲያገኝ መጀመሪያ ፊቱ ላይ የመጣው ያ ፎቶ ነው። ሲደውልልኝ «አየሁት እኮ» አለኝና ዝም አለ። ከተመለሰ በኋላ ነው «ከጎረቤት እኩል ሰማሁ» ያለኝ። ልጃችን አሁን 6 ዓመቷ ነው። ያቺን ንግግር ግን እስካሁን ሳስባት ያመኛል።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው። እሱ ሳያውቅ ማንም እንዳያውቅ፤ እናትሽም፣ አማትሽም። ሰው ላለመናገር ቢፈልግ እንኳ አማርኛችን ያሳጣዋል። የሚያውቅ ሰው «መቼ ነው የምትወለደው?» ሳይል ስንት ቀን ይቆያል? አንዲት ፊደል ናት የምታመልጠው፣ በቃ።

ግብዣው ይቅር አላልኩም። እሱ ከሰማ በኋላ በሳምንቱም ቢሆን ይደረጋል። ለአማትሽም «መጀመሪያ ልጅዎ ይስማ» በያቸው። እንዲህ ስትያቸው የሚከፉ አይመስለኝም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

አዋላጅ ነኝ

ከሕክምናው በኩል ልጨምርልሽ። ገና ጄሉን ሳይቀቡሽ «ጾታውን አሁን ማወቅ አልፈልግም» ብለሽ ተናገሪ። ስክሪኑን ያዙሩልሽ። ከላይ ያለችው እህት ያለችው ነገር ባለሙያውንም ይይዘዋል፤ በሥራ መሃል አንደበቱ ሊያመልጠው ይችላል። «እግሩን አጥፎ ተኝቷል» ቢልሽ ምንም ማለት አይደለም፣ ጾታው ሳይታወቅም በወንድ መጥራት ልማዳችን ነው። «ተኝታለች» ካለሽ ግን ምስጢሩ እዚያው አለቀ። ስለዚህ ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። የክትትል ካርድሽ ላይም እንዳይጻፍ አሳስቢ፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳና ቤት ገብቶ ካርዱን ሲገልጥ ያየዋል።

ለዚያ ቀን ሰው አትጥሪ። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይታያል፤ ግን ልጁ እግሩን ካቆላለፈ ወይም እትብቱ መሃል ላይ ከገባ ላይታይ ይችላል። ያኔ ሌላ ቀጠሮ ነው። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ጾታ መንገር በሕግ የተከለከለ ነው፣ ለምሳሌ ህንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ። ስለዚህ ያለሽበት ቦታ ምን እንደሚፈቀድ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከእናትየው ደም ተወስዶ ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሠራ ምርመራም አለ። በደሟ ውስጥ የሚዘዋወረውን የጽንሱን ዲኤንኤ ነው የሚያየው፤ የዋይ ክሮሞዞም ምልክት ከተገኘ ወንድ ነው። አንቺ ግን 19 ሳምንት ደርሰሻል፣ ለጾታ ብለሽ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። የዚህ ምርመራ ዋና ሥራ ጾታ አይደለም። ልቡ፣ አንጎሉ፣ አከርካሪው፣ ኩላሊቱ፣ የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ ነው የሚታየው። ባልሽ ሩቅ ሆኖ ሌሊት ሌሊት የሚያስበው ይህንን ነው። ከፖስታው በፊት «ሁሉም ደህና ነው» የሚለውን ላኪለት፣ በጽሑፍ። የልብ ምቱንም በቀጥታ ለማሰማት አትሞክሪ። ባለሙያውን አስፈቅደሽ ግማሽ ደቂቃ ያህል በስልክሽ ቅጂና በድምፅ ላኪው። ፍጥነቱ ሲሰማ እንዳይደነግጥ ደግሞ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታቱ ጤናማ መሆኑን ንገሪው።

ከግዳጅ የተመለሰ

ወንድ ሆኜ ልመልስ፣ እዚያ ወዲያ ማዶ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ።

ስለ ስልኩ ልጀምር። እንደ እኛ በሳተላይት የሚገናኙ ከሆነ የቪዲዮውን ነገር እርሺው። አንዳንዶቹ የመገናኛ ሳተላይቶች ከምድር ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው ያሉት። በእነሱ ከሆነ ያልሽው ሄዶ የእሱ መልስ እስኪመለስ ከሞላ ጎደል ግማሽ ሰከንድ ያልፋል፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ከዚያም በላይ ይቆያል። «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ብሎ አብሮ መቁጠር ስለዚህ አይሠራም። እኛ ሞክረነው እኔ ገና «ሁለት» ስል ባለቤቴ ጋ ፊኛው ፈንድቶ ሰው እየጮኸ ነበር። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። ድምፁ ብቻ መጣ፣ የፍንዳታው ድምፅ። እዚያ ለሚኖር ሰው ያ ድምፅ ምን እንደሚያስታውሰው ባለቤቴ በምን ታውቃለች? ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። የሚፈነዳ ነገር ካሰባችሁ እባክሽ ተዉት።

ምን እንደሆነ የሰማሁት ከ3 ቀን በኋላ ነው። በድምፅ ብቻ ነበር የተገናኘነው፣ እየተቆራረጠ። ባለቤቴ የነገረችኝ መስሏት ስለ ሌላ ነገር እያወራች «ትናንትማ ሌሊቱን ሙሉ ስትረግጠኝ አደረች» አለችኝ። «ስት... ምን አልሽ?» አልኳት። እሷም ገባት። ሁለታችንም ማውራት አቃተን። ከኋላዬ ለስልኩ ወረፋ የሚጠብቁ 4 ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ከዚያ በፊት ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

ሌላው፣ ያለበትን ቦታ፣ የክፍሉን ስም፣ የሚመለስበትን ቀን የሚያሳይ ነገር የትም አትለጥፉ። ከኋላው ድንኳኑ ወይ መኪናው የሚታይበት ስክሪን ሾትም ቢሆን። ለእሱም ለጓደኞቹም አደጋ ነው።

ባሏ መርከብ ላይ

የእኔ ባል ወታደር አይደለም፣ የጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ግን የኔትወርኩ ነገር ያው ነው። ሁላችሁም እሷ ለእሱ እንዴት ትንገረው ነው የምትሉት። ለምን እሱ አይነግራትም?

እኛ እንዲህ አደረግን። የታሸገውን ፖስታ ለአንድ የማምናት ጓደኛዬ ሰጠኋት። እሷ ከፍታ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ከራሷ ስልክ በቴሌግራም ላከችለት። ፎቶው ሲላክ ብዥ ብሎ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል፤ እስኪነካው ድረስ አይታይም። ሰው መሃል ቢሆን እንኳ ብቻውን ሲሆን ይከፍተዋል። አንድ ፎቶ ደግሞ ቪዲዮ እንቢ ባለበት መስመርም ያልፋል። ከዚያ እኔ ምንም ሳላውቅ 5 ቀን ጠበቅኩ።

ባሌ በኋላ ምን አለኝ መሰለሽ? ከሄደ ጀምሮ ሁሉን ነገር ከእኔ ነው የሚሰማው፤ ማቅለሽለሹን፣ ምርመራውን፣ መጀመሪያ የረገጠኝን ቀን። ሁሌም ሰሚ ነው። ያቺን ሳምንት ግን እሱ የሚያውቀው እኔ የማላውቀው ነገር ነበረው። በየፈረቃው ሞተር ክፍል ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሚነግረኝ ሲለማመድ እንደነበር ነገረኝ። የጓደኛሽን አፍ ግን እርግጠኛ ሁኚ። እኔ ያቺ ሳምንት እስክታልፍ ጓደኛዬ ጋ አልደወልኩም፣ እሷም አልደወለችልኝም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አንብቤ አልቅሻለሁ። የመርከቡን ሐሳብ ለእሱ ጻፍኩለት። «እኔ ልንገርሽ? እውነትሽን ነው?» ብሎ መለሰልኝ። ተወስኗል።

ታላቅ እህት

ለእህትሽ አንድ ቃል ልበል፣ እኔም ደጋሽ እህት ነበርኩና። ይህን ድግስ ጀመረች የምትባለው ጄና ካርቩኒዲስ የምትባል አሜሪካዊት ጦማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ኬክ ስትቆርጥ ውስጡ ሮዝ ሆነ፣ በቃ ይኸው ነው። በ2019 ግን ነገሩ ይህን ያህል መጋነኑ እንዳላስደሰታት ተናግራለች። በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተለኮሰ ባለቀለም ጭስ ሰደድ እሳት አስነስቶ ከ9 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጥሏል፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሞቷል። ጭሱን ተዉት። ኬኩ ይበቃል፣ እሱም አባትየው ከሰማ በኋላ።

ጠያቂዋ

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ፣ ቃል ስለገባሁላችሁ።

ምርመራው ደህና ነው። ልቡም፣ አከርካሪውም፣ ሁሉም። ባለሙያዋ ስክሪኑን አዞረችልኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ጽንሱ» ብቻ ነበር የምትለው፣ ስትጠነቀቅ ይታወቃታል። ፖስታውን ለጓደኛዬ ሰጠሁ። ፎቶውን በዚያው ቀን ላከችለት። እሱ ግን ወጥቶ ነበር። መልእክቱ መታየቱን የሚያሳየው ሁለት ምልክት የመጣው በ6ኛው ቀን ነው፣ ከዚያም ዝም። አማቴ በየቀኑ ይደውላሉ፣ «ሰማ?» ይላሉ፣ «ገና ነው» እላለሁ፣ «እንጠብቀዋለን» ብለው ይዘጋሉ። እህቴም ፊኛዎቹን ሳትነፋ አስቀመጠቻቸው።

በ9ኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ከአልጋ ሳልነሳ ስልኩ ጠራ። ቪዲዮ ነበር፤ ፊቱ አንዴ ታየና ደርቆ ቀረ፣ ግማሽ ፊቱ ብቻ፣ ፀሐይ አክስሎታል። ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። «ትሰሚኛለሽ?» ይላል፣ «እሰማሃለሁ» እላለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። ይቋረጣል ብዬ ፈራሁ። ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፣ በኋላ ነግሮኛል፣ ግን አልደረሰለትም።

ከዚያ ለአፍታ ጠራ። እንደ ወትሮው «እንዴት አደራችሁ» የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ እንዴት አደርሽ?» አለኝ። ቆም አለ። «እሷስ እንዴት አደረች?»