ክርክር፦ ካፔሎ የሳኪን ድግስ ነው የበላው?

ቀይ ጥቁር (አወያይ)፦ ሰላም ለቤቱ። የትናንት ማታው ጭቅጭቅ የግሩፑን ሌላ ወሬ ሁሉ ስለዋጠው ለብቻው አወጣሁት። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ዞኑ "የኤሲ ሚላን የምንጊዜም ታላቁ አሰልጣኝ አሪጎ ሳኪ ነው፤ ፋቢዮ ካፔሎ የተደገሰ ድግስ ላይ ደርሶ በላ እንጂ ምን ሠራ?" አለ። ሃምሳ ስምንት ቱግ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ፣ ግማሹን አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ በሥርዓት እንሂድ። ስድብ የለም። ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። የሌላ ክለብ ደጋፊ አርፎ ያንብብ። ዞኑ፣ ጀምር።

ዞኑ፦ አቋሜ አልተቀየረም። ሳኪ በ1987 ሲመጣ ማን ያውቀው ነበር? የፉዚኛኖ ልጅ ነው። በአባቱ የጫማ ፋብሪካ የሠራ፣ በትልቅ ደረጃ ኳስ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው። ፓርማን ይዞ በጣሊያን ዋንጫ ሚላንን ሲያሸንፍ የሚላኑ ባለቤት ቤርሉስኮኒ ዓይን ውስጥ ገባ። ጋዜጠኞች "ሳይጫወት እንዴት ያሰለጥናል?" ብለው ሲነዘንዙት፣ ጆኪ ለመሆን መጀመሪያ ፈረስ መሆን እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

ያኔ ጣሊያን ውስጥ ሰው በሰው ይያዛል። ከኋላ ሊቤሮ (ማንንም ሳይዝ ያመለጠውን የሚጠርግ ተከላካይ) ይቆማል። አንድ ጎል ከተገባ በሩ ይዘጋል። ሳኪ ይሄን ሁሉ ገለበጠው። 4-4-2፣ ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ መያዝ)፣ ፕሬሲንግ (ኳስ የያዘውን ወዲያው ማስጨነቅ)። ከተከላካዩ እስከ አጥቂው ያለው ርቀት ከ25 ሜትር ብዙም እንዳይበልጥ ይፈልግ ነበር። ያለ ኳስ 11ዱን ሜዳ ላይ አሰልፎ "ኳሱ እዚህ ነው፣ አሁን እዚያ ሄደ" እያለ ያንቀሳቅሳቸዋል።

ራሱ የሚያወራት አንድ ነገር አለች። ጉሊትና ቫን ባስተን የቡድን አደረጃጀት ምን ያደርጋል ብለው ሲጠራጠሩበት፣ በረኛውን ጆቫኒ ጋሊን ከታሶቲ፣ ከማልዲኒ፣ ከኮስታኩርታና ከባሬሲ ጋር 5 አድርጎ አቆማቸው። እነ ጉሊትን ደግሞ 10 አደረጋቸው። 15 ደቂቃ ሰጣቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ ኳስ ያጣው የ10ሩ ቡድን ከራሱ ሜዳ 10 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይጀምራል። 10ሩ አንድም ጎል አላገቡም። በቃ፣ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ውጤቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሚያዝያ 1989፣ ሳን ሲሮ ላይ ሪያል ማድሪድን 5 ለ 0። ግንቦት ላይ በፍጻሜው ካምፕ ኑ ስቴዋ ቡካሬስትን 4 ለ 0፣ ጉሊት 2፣ ቫን ባስተን 2። በዓመቱ ፍጻሜ ቪየና ላይ ቤንፊካን 1 ለ 0። ካፔሎ የወረሰው ይሄን ነው።

ሃምሳ ስምንት፦ ጥሩ ተናገርክ፤ አሁን የዘለልከውን እኔ ልጨምርልህ። ያ የዓለም ምርጥ የተባለ ቡድን በሳኪ ዘመን ስንት ስኩዴቶ (የጣሊያን ሊግ የሴሪ አ ዋንጫ) በላ? በ4 ዓመት 1! የ1988ቱን ብቻ። በ1989 ኢንተር ወሰደው። በ1990 ናፖሊ ወሰደው። በ1991 ሳምፕዶሪያ ወሰደው። ካፔሎ መጣና በ5 ዓመት 4 አነሳ። ድግሱ ተዘጋጅቶ ከነበረ ደጋሹ ራሱ ለምን አልበላውም?

እና ተጫዋቾቹን አድርቆ ነው የሄደው። ከቫን ባስተን ጋር ዓይንና ናጫ ሆነው ነበር። ልምምዱ ሰልችቷቸው፣ ጭንቅላታቸው ደክሞ ነበር። በዚያ ላይ መጋቢት 1991 ማርሴይ ላይ መብራት ጠፋ ብለው ሜዳ ጥለው ወጡ፤ ክለቡ ከአውሮፓ ውድድር ለአንድ ዓመት ታገደ። ካፔሎ የተረከበው ይሄንን ነው። የደከመ፣ የተኮራረፈ፣ የታገደ ቡድን።

ዞኑ፦ የማርሴዩን አታምጣ። ተጫዋቾቹን ከሜዳ የጠራቸው የክለቡ ኃላፊ ጋሊያኒ ነው፣ ሳኪ አይደለም።

ሃምሳ ስምንት፦ እሺ፣ እሱን ላንሳልህ። የቀረውን መልስ።

ቢያንኮኔሪ፦ እኔ የጁቬ ደጋፊ ነኝ፣ ግን አንድ ቃል ብቻ። የቤልግሬዱን ጉም ማንም አላነሳውም። ኅዳር 1988 ሬድ ስታር 1 ለ 0 እየመራ ሜዳው በጉም ተሸፈነና ጨዋታው ተቋረጠ። በማግስቱ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። 1 ለ 1 አለቀ፣ ሚላን በመለያ ምት አለፈ። ያ ጉም ባይወርድ 5 ለ 0 የለ፣ ካምፕ ኑ የለ። ታሪክ ሠሪው ሳኪ ነው የሰማዩ ሁኔታ?

ቀይ ጥቁር (አወያይ)፦ አርፈህ አንብብ አልኩ እኮ። ነጥቡ ግን ይቆጠርለት።

ዞኑ፦ ዕድል የሌለበት ዋንጫ አሳዩኝ። ይልቅ ሃምሳ ስምንት ስሙን ወዳወጣበት ቁጥር እንሂድ። 58 ጨዋታ በሴሪ አ ሳይሸነፉ። ካፔሎ ካፔሎ የሚያስብላችሁ እሱ ነው አይደል? የመጀመሪያዋ ጨዋታ መቼ እንደሆነች ታውቃለህ? ግንቦት 26 ቀን 1991፣ ከፓርማ ጋር 0 ለ 0። አሰልጣኙ ማን ነበር? ሳኪ! የመሰናበቻ ጨዋታው። ቆጠራው ራሱ የጀመረው ከሱ ነው።

ሃምሳ ስምንት፦ አውቃለሁ። የቀሩት 57ቱስ? የ1991-92 ውድድር ዘመን 34 ጨዋታ፣ 22 ድል፣ 12 አቻ፣ ዜሮ ሽንፈት፣ 74 ጎል። ቫን ባስተን ብቻውን 25 አገባ። ያው ከሳኪ ጋር ፊት የተዟዟረው ቫን ባስተን! ሰውዬው መፈናፈኛ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ አየህ። የሚገርመው ያን ጉዞ መጋቢት 1993 ያቆመችውም ራሷ ፓርማ ናት። አስፕሪያ በቅጣት ምት።

ዞኑ፦ ባሬሲ፣ ማልዲኒ፣ ታሶቲ፣ ኮስታኩርታ፣ ራይካርድ፣ ዶናዶኒ፣ ጉሊት፣ ቫን ባስተን። ከነዚህ ካፔሎ ያመጣው ማንን ነው? ማንንም። መስመሩን ጠብቀው ባንድ ላይ መውጣትን ያስተማራቸው ማን ነው? እኔ እየጠየቅኩ ያለሁት ይሄንን ነው።

ሊቤሮ፦ ልጆች፣ ስታወሩ ሚላን በ1987 የተመሠረተ ይመስላል። አሰልጣኝ ኔሬዮ ሮኮን አንድ ሰው እንኳ አይጠራም? የትሪየስቴው ሰው። በ1962 ስኩዴቶ፣ በ1963 ዌምብሌይ ላይ የአውሮፓ ዋንጫ። ዩዜቢዮ ለቤንፊካ ቀድሞ አገባ፣ አልታፊኒ ሁለት መለሰለት። ያንን ዋንጫ ወደ ጣሊያን የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ሚላን ነው። ሳኪ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር።

በ1969 ደግሞ ማድሪድ ላይ አያክስን 4 ለ 1። ፕራቲ 3 አገባ። አያክስ ውስጥ የ22 ዓመቱ ክራይፍ ነበር። "ካቴናቾ" (በር ዘግቶ መከላከል) እያላችሁ የምታጣጥሉት ሰውዬ ነው ይሄን ያደረገው። ከኋላ ሊቤሮ ነበረው፣ አዎ። ፊት ላይ ግን ሪቬራ እንዳሻው ይጫወት ነበር። ሪቬራ የዚያን ዓመት ባሎን ዶር ወሰደ።

ቀልደኛም ነበር አሉ። ፓዶቫን ሲያሰለጥን ከጁቬንቱስ ጋር ሊገጥም ሲል ጋዜጠኛው "እንግዲህ ጥሩው ያሸንፍ" ቢለው "አይ፣ ባይሆን ነው የሚሻለው" አለ ይባላል። በነገራችን ላይ ያቺን ሚጢጢ ፓዶቫ በ1958 ሴሪ አ ላይ 3ኛ አውጥቷታል። እነ ካፔሎ እንዲህ ያለ ቡድን ይዘው አያውቁም።

የገና ዛፍ፦ ጋሼ ሊቤሮ፣ ክብረት ይስጥልን፣ ሮኮ ይገባዋል። እኔ ግን አንቸሎቲ ሲዘለል ዝም አልልም። ኅዳር 2001 ፋቲህ ቴሪምን ተክቶ ገባ፣ እስከ 2009 ቆየ። በ5 ዓመት ውስጥ 3 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ! በ2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ጁቬን በመለያ ምት። (ቢያንኮኔሪ፣ ይሄንንም አንብብ።) በ2007 አቴንስ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1፣ ሁለቱንም ኢንዛጊ። የ2007ቱ እንዴት እንደመጣ ደግሞ አስታውሱ። በካልቾፖሊ (የዳኞች ምደባ ቅሌት) ቅጣት ሊጉን ከ8 ነጥብ ዕዳ ጀምሮ፣ አውሮፓ ውስጥ ከማጣሪያ ተነስቶ ነው። ማንችስተር ዩናይትድን ሳን ሲሮ ላይ 3 ለ 0 የሸኘበትን ምሽት ያየ ሰው ስለ ታክቲክ ሌላ አያወራኝም።

ሃምሳ ስምንት፦ አንቺ፣ ያቺ መካከለኛዋ ፍጻሜ የት ገባች? 2005፣ ኢስታንቡል፣ 3 ለ 0 እየመሩ በሊቨርፑል የተሸነፉባት?

የገና ዛፍ፦ ገባች፣ እዚያው ናት። ሦስቱም የገቡብን በ6 ደቂቃ ነው። በ6 ደቂቃ 8 ዓመት አይሰረዝም።

ሃምሳ ስምንት፦ በ8 ዓመት 1 ስኩዴቶ ግን ይጻፋል። የ2004ቱ ብቻ። ማልዲኒ፣ ኔስታ፣ ካካ፣ ሼቭቼንኮ እያሉ! ፒርሎን ከአጥቂዎቹ ጀርባ ወደ ተከላካዮቹ ፊት ያወረደውም እሱ አይደለም፤ ቀድሞ ብሬሻ ላይ አሰልጣኙ ማዞኔ ሞክሮታል።

የገና ዛፍ፦ ማዞኔ ሞከረው፣ ልክ ነው። ግን ፒርሎን፣ ሴዶርፍንና ሩይ ኮስታን ባንድ አማካይ ክፍል አሰልፎ፣ ጋቱሶን ለሁሉም ሯጭ አድርጎ አውሮፓን መብላት ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ማንም አሰልጣኝ ከሦስቱ አንዱን ያስቀምጥ ነበር። አንቸሎቲ ሁሉንም የሚያጫውትበትን መንገድ ፈለገ። እና ሰው አያስኮርፍም። ሳኪ ቫን ባስተንን አስኮረፈ። አንቸሎቲ ላይ ማን አኮረፈ?

ዞኑ፦ አንቸሎቲ የማን ተጫዋች ነበር? ጉልበቱ አይሆንም እየተባለ ከሮማ ያስመጣው ማነው? በ1994 የዓለም ዋንጫ ላይ የማን ረዳት ነበር? የሳኪ! እናንተ ጨምሩ፣ እኔ ወደ ሳኪ ቋት እከታለሁ።

ሃምሳ ስምንት፦ እንዲህማ ከሆነ ሁሉም የአዳም ነው። ነገሩን ልጨርሰው። ግንቦት 18 ቀን 1994፣ አቴንስ። የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ሚላን ክራይፍ ከሚያሰለጥነው ባርሴሎና ጋር። ባሬሲ በቅጣት የለም። ኮስታኩርታ በቅጣት የለም። ቫን ባስተን ተጎድቷል። ጉሊት ለሳምፕዶሪያ እየተጫወተ ነው። ራይካርድ ሄዷል። በ1989 ካምፕ ኑ ላይ ከተሰለፉት 11 ውስጥ አቴንስ ላይ የተሰለፉት 3 ናቸው፦ ታሶቲ፣ ማልዲኒና ዶናዶኒ። ማልዲኒን ከግራ አምጥቶ መሀል ተከላካይ አደረገው። ዴሳዪን፣ ማርሴይ ውስጥ ሆኖ በ1993 ፍጻሜ ያሸነፈንን ልጅ፣ ከተከላካይነት ወደ አማካይ ወሰደው። ውጤት፦ 4 ለ 0። ማሳሮ 2፣ ሳቪቼቪች ያቺን ከበረኛው በላይ ያሳለፋት፣ አራተኛውን ራሱ ዴሳዪ። ይሄ የማን ድግስ ነው?

ዞኑ፦ በዚያው ዓመት በሊጉ በ34 ጨዋታ 36 ጎል ያገባውስ የማን ነው? ሰው እንቅልፉን እየተኛ ነበር።

ሃምሳ ስምንት፦ የገባበት 15 ነው፣ ዋንጫውም የሱ ነው። በረኛው ሮሲ 929 ደቂቃ ጎል ሳይገባበት ቆየ። እንቅልፍህን ከተኛህ ጥፋቱ ያንተ ነው።

ቀይ ጥቁር (አወያይ)፦ እኔም ልናገር እንጂ፣ ሁልጊዜ ዳኛ ልሁን እንዴ? ለኔ የካፔሎ 5 ዓመት አንድ ቁራጭ አይደለም። የ1992ቱ ስኩዴቶ ዞኑ እንዳለው ነው። ሰዎቹም፣ መስመሩም፣ የሚንቀሳቀሱበት መንገድም የሳኪ ነበር፤ ካፔሎ ገመዱን አላላና ተነፈሱ። ግን ገመዱን ማላላትም እውቀት ነው፤ ሳኪ ለብሔራዊ ቡድን ሄዶም አላላላውም። የ1994ቱ ቡድን ግን ሌላ ነው። ከተከላካዮቹ ፊት ዴሳዪና አልበርቲኒ የቆሙበት፣ ጠንካራ፣ ጎል የሚቆጥብ ቡድን። ሳኪ እንደዚያ አይሠራም፣ ቢሠራም ያፍርበታል። የካፔሎ ስም የሚጻፈው በ58ቱ ሳይሆን በአቴንስ ነው።

ዞኑ፦ አወያይ ወገነ። ይሁን። ካፔሎ ታዲያ በ1997 ሲመለስ ለምን 10ኛ ወጣ? ያ እውቀቱ የት ሄደ?

ቢያንኮኔሪ፦ ሳኪስ ከሱ በፊት በነበረው ዓመት ተመልሶ 11ኛ አልወጣም? ሳን ሲሮ ላይ ስንት አገባንባችሁ፣ 6 ለ 1 ነው መሰለኝ? ነው መሰለኝ ስል ቀልዴን ነው፣ በደንብ አስታውሳለሁ።

ቀይ ጥቁር (አወያይ)፦ ቢያንኮኔሪ ለ24 ሰዓት ታግዷል።

ሊቤሮ፦ ልጁን ለምን ታግደዋለህ፣ እውነቱን ነው። እኔ ስለ መመለስ ልጠይቅ እየጠበቅኩ ነበር። ሮኮም ሄዶ ተመልሷል። ወደ ቶሪኖ ሄደ፣ በ1967 ተመለሰ። በመጀመሪያው ዓመት ስኩዴቶ፣ በዚያው ዓመት ሃምቡርግን አሸንፎ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ። በሁለተኛው ዓመት የአያክሱ 4 ለ 1። ከዚያ ከኤስቱዲያንቴስ ጋር ቦነስ አይረስ ድረስ ሄዶ፣ ተጫዋቾቹ እየተደበደቡ የአህጉራት ዋንጫ። ሳኪ ተመለሰ፣ 11ኛ። ካፔሎ ተመለሰ፣ 10ኛ። ሮኮ ተመለሰ፣ አውሮፓን በላ።

የገና ዛፍ፦ አንቸሎቲ አልተመለሰም፣ ስለዚህ አልወደቀም። 😄

ሃምሳ ስምንት፦ ጋሼ፣ በ1973 ቬሮና ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ በመጨረሻው ቀን ስኩዴቶ ያጣውስ የማን ቡድን ነው?

ሊቤሮ፦ የሮኮ ነው። ከአራት ቀን በፊት ተሰሎንቄ ላይ ሊድስን አሸንፎ ሌላ ዋንጫ ይዞ የመጣ ቡድን። ደክሞት ነው። አንተ ግን ካፔሎ በ1995 ስንተኛ እንደወጣ ንገረኝ።

ሃምሳ ስምንት፦ 4ኛ። ግን ያን ዓመት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሷል።

ዞኑ፦ ደርሶ በአያክስ ተሸነፈ። ክላይቨርት አገባ። ጋሼ ሊቤሮ፣ አያክስን 4 ለ 1 ያሸነፈው ማነው ነበር ያልከው?