የላቡ ፕሮፖዛል፦ «የ27ቱንም ኮምፒውተር ስክሪን» የሚለው ቃል ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ናችሁ የቀድሞ ተማሪዎች? የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ላብ ፕሮፖዛል ረቂቅ ደርሷችኋል። ነጥብ 3 «መምህሯ የ27ቱንም ኮምፒውተር ስክሪን ከጠረጴዛዋ ሆና ትከታተላለች» ይላል። ያሰብነው ቬዮን የሚባለውን፣ የተማሪዎቹን ስክሪን ለመምህሩ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ ማታ።

የላብ መምህርት፦ እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ግን «የ27ቱንም» በምትለዋ ላይ አልፈርምም። ዛሬ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። 15ቱ ዊንዶውስ 10፣ 8ቱ ኡቡንቱ 22.04፣ 4ቱ ማክ ናቸው። ዊንዶውሶቹ እሺ። ሌሎቹ 12 ላይ ግን ነገር አለ።

የአይቲ ባለሙያ አባል፦ መምህርት ልክ ናት። ኡቡንቱ ከ21.04 ወዲህ ሲከፈት የሚነሳው በዌይላንድ ነው፤ መስኮቶቹን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ሥርዓት ማለት ነው። በድሮው ሥርዓት በኤክስ11 (ኤክስኦርግም ይባላል) አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ያያል፣ የሚተየበውንም ይሰማል። ለእኛ ይመቻል፤ ለሰላይ ፕሮግራምም ያው ይመቻል። ዌይላንድ ያንን በር ዘጋው። ቬዮን ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ለኤክስ11 የተሠራ ነው። ስለዚህ የማንም ስንፍና አይደለም፣ ታስቦበት የተዘጋ በር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስም ተመርጦ ፓስወርድ ከመግባቱ በፊት፣ ከታች በስተቀኝ ጥርስ ያላት ክብ ምልክት አለች። እሷን ተጭኖ «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ» የሚለውን መምረጥ ነው።

የላብ መምህርት፦ ወንድሜ፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ያቺን ምልክት በሁለት ቀን ያገኟታል። መልሰው ወደ ዌይላንድ ይቀይሩና ጌማቸውን ይጫወታሉ።

የአይቲ ባለሙያ አባል፦ ሳቅሁ። እንግዲያው ዌይላንድን ከመግቢያው ሴቲንግ ፋይል ላይ አጠፋዋለሁ፣ ምርጫውም አይመጣላቸውም። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን አንድ መስመር ይግባ፦ ማሽኖቹ ከኡቡንቱ 24.04 አይለፉ። ከ25.10 ጀምሮ የኤክስኦርጉ ምርጫ ወጥቷል። 24.04 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ስላለው ጊዜ አለን።

አባል፣ ከሜሪላንድ፦ ማኮቹን የላክሁት እኔ ነኝ። ላብ አስጨነቅሁ እንዴ?

የአይቲ ባለሙያ አባል፦ ኧረ በጭራሽ! ቬዮን ግን ለማክ የለም። ሌላ ፕሮግራም ብንፈልግም ካታሊና ከሚባለው የማክ ሲስተም (2019 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስክሪን የሚያይ ሁሉ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ያንን ፈቃድ ከርቀት በማዕከል መስጠት አይቻልም። ሰው እማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ «እሺ» ማለት አለበት። አዲሱ ሲኮያ (2024 እ.ኤ.አ.) ላይ ደግሞ በየወሩ መልሶ ይጠይቃል። ለአራት ማሽን ይህን ሁሉ ጣጣ አልመክርም።

የላብ መምህርት፦ አራቱ ማኮች እፊተኛው ረድፍ፣ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ይቀመጡ። ዓይኔ ይበቃል። ለቪዲዮ ሥራ እንጠቀምባቸዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ የዊንዶውስ 10 ነገርስ? ድጋፉ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ለዊንዶውስ 11 በጀት ልያዝ?

የአይቲ ባለሙያ አባል፦ አይያዝ። ኢንቴላቸው 6ኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከ8ኛ ጀምሮ ነው የሚጠይቀው። ቀስ በቀስ ወደ ኡቡንቱ 24.04 እናዙራቸው፣ በኤክስኦርግ። ገንዘቡ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለሚያቆየው ባትሪ፣ ለዩፒኤስ ይሁን፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሃርድ ዲስክ እያጣን ነው።

የወላጆች ተወካይ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ። ልጆቹ እንደሚታዩ ያውቃሉ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል እኮ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ አሉ እማማ። በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ወላጅም ይፈርማል። ስክሪን አይቀዳም፣ በክፍለ ጊዜው ብቻ ይታያል። ነጥብ 3ን እንዲህ አደረግሁት፦

«መምህሯ የ23 ኮምፒውተሮችን ስክሪን በቬዮን ትከታተላለች፤ ኡቡንቱዎቹ በኤክስኦርግ ይሠራሉ፣ ከ24.04 አያልፉም። 4ቱ ማኮች በቬዮን አይታዩም፣ ከመምህሯ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣሉ።»

የላብ መምህርት፦ አሁን እፈርማለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረ። የእኔ ማሽን የተማሪዎቹን ስክሪን እንዲያይ የሚያስችለው የቬዮን ቁልፍ ሁለት ፋይል ነው፤ የሕዝቡ (ፐብሊክ) ቁልፍ ተማሪዎቹ ማሽን ላይ ይገባል፣ የግሉ እኔ ጋ ብቻ ይቀራል። ባለፈው ላብ ሲደራጅ ሁሉም ነገር በአንድ ፍላሽ ነበር የዞረው። የዘንድሮውን ቁልፍ ማን ነው የሚሠራው? ፍላሹስ ማን ጋ ያድራል?

የአይቲ ባለሙያ አባል፦ እኔ ቅዳሜ 3 ሰዓት እመጣለሁ። እማሽንሽ ላይ ሠርቼው፣ የሕዝቡን ብቻ ይዤ እዞራለሁ።