ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ቤት፦ ቡድኔን እንዴት ልምራው?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። 9 ሰው ያለበት ቡድን መምራት ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ። 5ቱ ቢሮ ይገባሉ፣ 4ቱ አብዛኛውን ቀን ከቤት ነው የሚሠሩት። ሥራው አልተበላሸም። የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ኮሪደር ላይ ቆመን የተስማማንበትን ነገር ቤት ያሉት ከ2 ቀን በኋላ ይሰሙታል፣ ባለፈው ሳምንት አንዷ «የተሰረዘ ሥራ ላይ ሙሉ ቀን አጠፋሁ» ስትለኝ በጣም አፈርኩ። አለቃዬ ደግሞ ሁሉንም ቢሮ አስገባቸው ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የኮሪደር ወሬን አትከልክል፣ አይሆንልህም። አንድ ሕግ ብቻ አውጣ፤ ያልተጻፈ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። እኛ ጋ በቃል የተስማማው ሰው ራሱ ቡድኑ ቻት ላይ 3 መስመር ይጽፋል፦ ምን ተወሰነ፣ ለምን፣ ማን ይሠራዋል። መጀመሪያ ሰው ይረሳል። አንድ ወር ሙሉ «የት ተጽፏል?» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ነው የለመዱት።

መልስ 2፦ እኔ ከቤት ከሚሠሩት ነኝ። ስብሰባ ላይ ቢሮ ያሉት አንድ ካሜራ ፊት ሲደረደሩ ማን እንደሚናገር አይታወቅም፣ ሲስቁ ምን እንደተባለ አንሰማም። አንድ ሰው እንኳ ከሩቅ ካለ ሁላችሁም በየላፕቶፓችሁ ግቡ (ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ማይክና አንድ ስፒከር ብቻ ይከፈት፣ አለዚያ ድምፁ ያስተጋባል)። ሐሳብ ስትጠይቅም መጀመሪያ ከቤት ያሉትን ጠይቅ።

መልስ 3፦ ለአለቃህ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ባለሙያ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡትን ጥናት አሳየው። ትሪፕ ዶት ኮም በተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት 1,600 ያህል ሠራተኞች ላይ ነው የተሠራው። በሳምንት 2 ቀን ከቤት የሠሩት በውጤትም በሥራ ዕድገትም ከሌሎቹ አላነሱም፣ ሥራ የሚለቀው ሰው ግን በሲሶ ቀነሰ። ልብ በል፣ ከቤት የሚሠሩት ረቡዕና ዓርብ ስለነበር በቀሩት ቀናት ቢሮ ይገናኙ ነበር። ያንተዎቹ እንደዚያ አይደሉም፣ ስለዚህ አንድ የጋራ ቀን ቁረጥ። እዚያው ድርጅት ቀደም ሲል በተሠራ ጥናት ደግሞ በሳምንት 4 ቀን ከቤት የሠሩት ውጤታቸው 13 በመቶ ጨምሮ ሳለ፣ ከውጤታቸው አንጻር ያገኙት ዕድገት ግን አነስተኛ ነበር። ከዓይን መራቅ ይጎዳል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። 3ቱን መስመር ነገ እጀምራለሁ፣ የጋራውን ቀንም እነሱው ይምረጡት። አንዱ ግን ሌላ ከተማ ነው፣ መምጣት አይችልም።

መልስ 1፦ ለሱ በየሳምንቱ 20 ደቂቃ ብቻውን ደውልለት። ሥራው የት እንደደረሰ ቻቱ ላይ ታገኘዋለህ፤ አንተ ምን እንዳስቸገረው ጠይቀው። የሠራውንም በየወሩ ጽፈህ ያዝ፣ የዕድገት ወሬ ሲነሳ እሱ ክፍሉ ውስጥ አይኖርም።