ውሻዬን ስምንት ወር ሙሉ ተቅማጥና ትውከት እየተወ ይመለስባታል፤ ምን ላስመርምርላት?

ጠያቂ፣ ከደብረ ሲና፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዳልቻ የምትባል አራት ዓመት የሆናት ሴት ውሻ አለችኝ። ሆዷ መታመም የጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነው፤ ተኩሱና ጭፈራው በበዛበት ማግስት ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ሳምንት ያህል ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፣ እህል ትጠላለች፤ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሰው ተነሥታ ከበጎቹ ጋር ትወጣለች። በልጄ ሠርግ ቤቱ እንግዳ ሲሞላ እንደገና ክፉኛ ታመመች። ሦስቴ አሳክሜያታለሁ። በየጊዜው ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝላታል፣ ጉሉኮስ ይሰጣታል፣ አንድ መርፌም ትወጋለች። መርፌውን በተወጋች ማግስት ትጫወታለች፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ነው። 26 ኪሎ ነበረች፣ አሁን 22 ናት። የኋላ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ውኃም ታበዛለች። ጎረቤት መርዝ በልታ ነው ይለኛል። መርዝ የበላ ውሻ ስምንት ወር ሲሻለውና ሲብስበት ይኖራል ወይ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ እንደ ቤተሰብ ነው የማያት።

በግ አርቢ፣ ከመሐል ሜዳ፦
እትዬ፣ እግዜር ይማርልዎ። የኔም ውሻ እንዲሁ እያስቀመጠው ከስቶ ነበር፤ ትል ሆኖ ተገኘ። በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱን በጥሬው ይጥሉላት ይሆን? እኛ ጋ ሁሉም ይጥላል። ለበጎቼ የምሰጠውን አልቤንዳዞል ሰጥቼው ተሻለው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ ትልን ማንሣትዎ ተገቢ ነው፣ እኔም ከዚያው እጀምራለሁ። አልቤንዳዞልን ግን ለውሻ አትስጡ፤ መቅኔን ጎድቶ ደም እንዳይመረት ሊያደርግ ይችላል። ጥሬ ሳንባና ጉበትም ይቅር። ከዚያ የሚመጣው የውሻ ኮሶ ሰው ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ ያወጣል፤ ይህ ለእርስዎም ለልጆችዎም ነው።

እትዬ፣ ከጻፉት ውስጥ ሦስት ነገር ቀልቤን ይዞታል። ሕመሙ እየተወ መመለሱ፣ ግርግር ሲበዛ መባሱ፣ ከመርፌና ከጉሉኮስ በኋላ በአንድ ቀን መነሣቷ። መርፌው ዴክሳሜታዞን የሚባለው፣ እንደ ኮርቲሶል ሆርሞን የሚሠራ መድኃኒት ከሆነ፣ ያ መሻል ራሱ ምልክት ነው። ከሁለቱ ኩላሊቶች ጎን አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ እጢዎች አሉ። ኮርቲሶልና አልዶስቴሮን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል ሲጎድል አንጀቱ ይታወካል፣ ሰውነቱም ድንጋጤና ጭንቀት መቋቋም ያቅተዋል። አልዶስቴሮን ሲጎድል ሶዲየም በሽንት ይወጣል፣ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል። በሽታው አዲሰን ይባላል፤ በሰው ላይ በ1855 እ.ኤ.አ. በገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ስም ነው። በውሻ ላይ ይበልጥ የሚታየው በወጣትና በመካከለኛ ዕድሜ ነው፣ በሴቶች ይበዛል። የሆድ ሕመም ስለሚመስል ለወራት በሜትሮኒዳዞል ሲታከም የሚኖር ብዙ ነው።

ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሰገራዋ ይታይ፣ ደሟም ይመርመር፦ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ስኳር፣ የነጭ ደም ሴል ዝርዝር። ሶዲየሙን ለፖታሲየሙ ሲያካፍሉት ከ27 በታች ከሆነ እንጠረጥራለን። የታመመ ውሻ ሊምፎሳይት የሚባለው ሴሉ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ታማ እያለች ካልቀነሰ እሱም ይጠቁማል። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ግን ከምርመራው በፊት እንዳይሰጣት፤ መሣሪያው እንደ ኮርቲሶል ስለሚቆጥረው ውጤቱን ያበላሻል።

ጠያቂ፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አስወጥቼ አየሁት፣ ሦስቱም ጊዜ ዴክሳሜታዞን ነው። ትናንት ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን ደሟን አስመረመርኩ። ሶዲየም 131፣ ፖታሲየም 6.4። ሊምፎሳይቷ አልቀነሰም። ሰገራዋ ውስጥ ትል አልታየም። እንግዲህ አዲሰን ነው ማለት ነው?

የእንስሳት ሐኪም፦
131 ለ6.4 ሲካፈል 20 ገደማ ነው፤ ጥርጣሬውን በጣም ያጠናክራል፣ ግን ገና አያረጋግጥም። ጅራፍ ትል የሚባለው የትልቁ አንጀት ትል ይህንኑ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል፤ እንቁላሉ በአንድ ቀን ሰገራ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ፈንቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ ለእሷ 1,100 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ ለ3 ቀን ይሰጣት፤ ከ3 ሳምንት በኋላ ይደገም። ይህ ኮርቲሶሉን ከማስለካት አያዘገያችሁ። የሰው ላቦራቶሪ ሲለካው መለኪያውን አንብቡ፦ ከ2 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወይም ከ55 ናኖሞል በሊትር በላይ ከሆነ አዲሰን አይደለም ማለት ይቻላል። ሁለቱን መለኪያ ቀላቅሎ የተሳሳተ ሰው አጋጥሞኛል። ከዚያ በታች ከሆነ ኤሲቲኤች የሚባለው፣ አድሬናል እጢው ኮርቲሶል እንዲያመነጭ የሚቀሰቅስ መርፌ ተሰጥቷት ከ1 ሰዓት በኋላ ደሟ እንደገና ይለካል፤ ያኔም ካልጨመረ ተረጋገጠ። የመጨረሻው ዴክሳሜታዞን መቼ እንደተሰጣት ለሚለካላችሁ ሰው ንገሩ፤ እጢውን ለጊዜው ሊያስተኛው ይችላል። መርፌው በየቦታው ስለማይገኝ ከመንገዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም የሚጠየቅ ነው።

የውሻ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ፦
እትዬ አይዞዎት። የኔ ውሻ አዲሰን እንዳለበት ከታወቀ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በቀን አንዴ ፕሬድኒሶሎን በትንሹ፣ በተጨማሪም አልዶስቴሮንን የሚተካ ፍሉድሮኮርቲዞን ይወስዳል። ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው፤ በክብደቱ ልክ ብዙ ክኒን ይሆናል፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ስለዚህ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሲጋመስ እፈልጋለሁ። መድኃኒቱን በፍጹም በራሴ አላቋርጥም። አንዴ ተሻለው ብዬ አራት ቀን ዘልዬ ሊሞትብኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወይም ጉዞ ሲኖር ሐኪሙ ባለው መሠረት ፕሬድኒሶሎኑን ለዚያ ቀን እጥፍ አደርገዋለሁ። በተረፈ በሬ ያባርራል።

ጠያቂ፦
እንባዬ ነው የመጣው። ማክሰኞ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፣ የኤሲቲኤችን መርፌ የሚሰጥ ቦታ በስልክ አግኝቻለሁ። ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ መኪና ደግሞ ያስፈራታል። መሃል መንገድ ላይ ብትወድቅስ? ፕሬድኒሶሎን አትስጧት ብለውኛል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ሲነሡ ሆዷ ባዶም ሙሉም አይሁን፤ ውኃ አትከልክሏት፣ ከምታውቀው ሰው ጎን ተኝታ ትሂድ። የጭኗን ውስጥ በሁለት ጣት ሲዳስሱ የደም ሥሩ ይመታል፤ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። ዛሬ ደህና እያለች ስንት እንደሆነ ጻፉት። የወደቀ ውሻ ልቡ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፤ እሷ ወድቃ ከ60 በታች ከመታ፣ ድዷም ከነጣና ከቀዘቀዘ፣ ፖታሲየሙ ልቧን ይዞታል። ያኔ ምርመራውን ተዉት። ቅርብ ያለ ሐኪም ጋ ገብታችሁ ይህን ወረቀት አሳዩት፣ «አዲሰን ይጠረጠራል፣ ፖታሲየሟ 6.4 ነበር» በሉት። ኖርማል ሳላይን የሚባለውን የጨው ውኃ በደም ሥሯ ያስገባላታል፣ ዴክሳሜታዞን ይወጋታል። ዴክሳሜታዞን ኮርቲሶል መለኪያው ላይ አይቆጠርም፤ ቢያበላሽብንም ከተነሣች በኋላ ሌላ ቀን እንለካለን። የኔን ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ።