የድራይቨሮች ጥገና ፕሮፖዛል፦ እስከ ቅዳሜ አስተያየት እንስጥበት

አርቃቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ የማኅበራችን አባላት። ቅዳሜ አራት ኪሎ ስንገናኝ እንድንወስን ረቂቁ ይኸው። ሐሳቡ፣ በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ያሉ የቆዩ ድራይቨሮች (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች) የያዙትን ሪሶርስ በአግባቡ እንዲለቁ ማስተካከል ነው።

ድራይቨሩ ፕሮብ ሲያደርግ፣ ማለትም ዲቫይሱን ተረክቦ ሲያስጀምር፣ ሜሞሪ ይይዛል፣ ክሎክ (ለዲቫይሱ የጊዜ ምት የሚሰጠውን ሲግናል) ያበራል፣ ኢንተራፕት (ዲቫይሱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) ያስመዘግባል። ሦስተኛው ላይ ከከሸፈ የቀደሙትን ከኋላ ወደ ፊት እየለቀቀ መውጣት አለበት። አንዲት መስመር ከተረሳች ክሎኩ እንደበራ ይቀራል። የሚጠብቀው ሌላ ድራይቨር ካልተነሣ ደግሞ ፕሮቡ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፤ ያቺው ስህተት በአንድ ቡት ደጋግማ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው 2.6.21 ጀምሮ ዴቭኤም (devm) የሚባለው የከርነሉ አሠራር አለልን፤ የተያዘውን መዝግቦ በተገላቢጦሽ ተራ ራሱ ይለቃል። ሁሉንም ወደዚያ እንቀይር እላለሁ።

አባል፣ ሜክሲኮ፦
ወንድሜ፣ «ሁሉንም» የምትለው ትውጣ። ዴቭኤም የሚለቀው ሪሙቭ (ድራይቨሩ ከዲቫይሱ ሲላቀቅ የሚሠራው ኮድ) ካለቀ በኋላ ነው። ሪሙቭ ክሎኩን በእጅ አጥፍቶ ኢንተራፕቱ ለዴቭኤም ከተተወ፣ በመሀል ኢንተራፕት ቢመጣስ? ሃንድለሩ (ኢንተራፕቱን የሚቀበለው የድራይቨሩ ኮድ) ክሎክ የሌለው ሬጅስተር (የዲቫይሱን የውስጥ መመዝገቢያ) ያነባል፤ አንዳንድ ቦርድ (ሃርድዌሩ ያለበት ሰሌዳ) እዚያው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ወይ ክሎኩም ወደ ዴቭኤም ይግባ፣ ወይ ኢንተራፕቱ አስቀድሞ በእጅ ይለቀቅ።

ከዚህ የሚብሰው ሜሞሪው ነው። ዩኤስቢው ሲነቀል በዴቭኤም የተያዘው ሜሞሪ ይለቀቃል። የተጠቃሚው ፕሮግራም ግን የዲቫይሱን ፋይል እንደከፈተ ነው። ሲዘጋው ድራይቨሩ የሌለ ሜሞሪ ይነካል። እንዲህ ላለው ሪፈረንስ ቆጠራ (የሚጠቀምበት እስካለ ሜሞሪውን አለመልቀቅ) እንጂ ዴቭኤም አይበጅም። በጅምላ ቀይረን ደህና የነበረውን ብናበላሽ ሜንቴነሮቹ (የከርነሉ ኮድ ኃላፊዎች) ከዚያ በኋላ ፓቻችንን (የምንልከውን የኮድ ማስተካከያ) በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። እውነታቸውን ነው።

አባል፣ ስድስት ኪሎ፦
እስማማለሁ። ሃርድዌሩ በእጃችን የሌለውን አንንካ። ካሳን (KASAN፣ የከርነሉ የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያ) የበራበት ከርነል ላይ፣ ፋይሉን እንደከፈትን ድራይቨሩን ከዲቫይሱ እናላቅቅ፣ ከዚያ ፋይሉን እንዝጋ። ችግሩ ካለ ካሳን መስመሩን ጭምር ያወጣዋል። ክሎኩን ግን ካሳን አያይልንም፤ እሱን በዲበግኤፍኤስ (debugfs፣ ከርነሉ የውስጥ ሁኔታውን የሚያሳይበት የፋይል ሲስተም) የክሎክ ዝርዝር እንይ።

አርቃቂው፦
እናንተ ያላችሁት ይሻላል፣ ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

«ማኅበሩ አባላት ቦርዱ ያላቸውን ድራይቨሮች ብቻ ያስተካክላል። መጀመሪያ የከሸፈ ፕሮብ መውጫ መንገዶች ይጠገናሉ። ወደ ዴቭኤም የሚቀየረው የመልቀቂያው ተራ በሁለት አባላት ከተመረመረ በኋላ ነው። አንድ ፓች አንድ ችግር ብቻ ይፈታል፤ ስህተቱን ያመጣውን ኮሚት (በኮዱ ታሪክ የተመዘገበ ለውጥ) ይጠቅሳል፤ የተሞከረበትን ቦርድም ይገልጻል።»

የቀረው የቦርዶቹ ዝርዝር ነው። እባካችሁ ያላችሁን እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።