የፒያሳ በረንዳዎች ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ፀሐፊ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የፒያሳ ህንጻዎች ይጠበቁ ብለን ለክፍለ ከተማው የምናስገባውን የቅዳሜውን ረቂቅ ሁለቴ አነበብኩት ቆንጆ ነው፣ ግን የሚላኖው ጋለሪያ (ጣሊያን አገር ያለው ጣሪያ የለበሰ የሱቆች መንገድ) ላይ ስለ መስታወቱ ብቻ ነው የተጻፈው። እርግጥ ያስደንቃል፣ ሁለት ጎዳና መስቀለኛ ተገናኝቶ መሀሉ ስምንት ማዕዘን ይሆናል፣ ከላይ የብረትና የመስታወት ጉልላት፣ ጁሴፔ ሜንጎኒ ነው የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ተጀምሮ በ1867 ተከፈተ፣ በ1877 መጨረሻ ደግሞ ሜንጎኒ ራሱ ከዛው ህንጻ ላይ ወድቆ ሞተ (ሳነበው ሆዴ ተላወሰ)። ለኛ ግን ዋናው እሱ አይደለም። ከዱኦሞ (ካቴድራሉ) አደባባይ ወደ ላ ስካላ ቲያትር የሚሄድ ሰው ሳንቲም ሳያወጣ በመሀሉ ያልፋል፣ ጣሪያ ያለው መንገድ ነው በቃ። የፒያሳን በረንዳም ሰው የሚወደው ለዚሁ ነው፣ ሐሙስ ያ ዝናብ ሲወርድ አንዱ ወርቅ ቤት በር ላይ ስንት ሰው ተጠጋግቶ እንደቆመ ባያችሁ፣ ተማሪው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ዘንቢል የያዙ እናት፣ ማንም ሂዱ አላላቸውም። ሊስትሮው የሚደገፍበት ምሰሶ በጀርባው ልክ ቀለሙ ተልጦ ሲሚንቶው ወጥቷል። ስለዚህ «ህንጻው ይጠበቅ» ብቻ አንበል፣ «በረንዳው ለእግረኛ ክፍት ይሁን» የሚለው በግልጽ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስማማለሁ እቱ፣ ግን ህንጻው ይጠበቅ ስንል ባለሱቆቹን የስም ሰሌዳችሁን አውርዱ ልንላቸው ነው እንዴ? እነሱ ካልፈረሙ ክፍለ ከተማው ጋ ምን ይዘን እንሄዳለን?

ፀሐፊ፦ አውርዱ አንልም። ሚላኖ ሱቆቹ ስማቸውን በጥቁር ላይ በወርቃማ ፊደል ነው የሚጽፉት፣ ግን እዛ ህንጻው የከተማው ነው፣ አከራዩ ያዛል። እኛ ጋ በስምምነት ካልሆነ አይሆንም፣ አንድ በረንዳ መርጠን እንጀምርና የቀለሙን ወጪ ማህበሩ ይቻል፣ ሌሎቹ አይተው ይመጣሉ።

አንጋፋ አባል፦ ልጆች፣ ከሁሉ በፊት ሜትር ይዛችሁ ለኩ። በ2016 ያ ሁሉ የፒያሳ ቤት ሲፈርስ እኔ ልጅ ሆኜ የተጫወትኩበት በረንዳም አብሮ ሄደ፣ ዛሬ ስፋቱን ብትጠይቁኝ እጄን ዘርግቼ ነው የማሳያችሁ። የሚላኖው ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ተመትቶ መልሰው ሠርተውታል። እኛ ያልለካነውን በምን እንመልሰዋለን?

ፀሐፊ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ልኬቱ ቁጥር 1 ይሆናል፣ ሌላው ከሱ በኋላ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቆቹ ሳይከፈቱ ጊዮርጊስ በር ላይ እንገናኝ። ባለ 50 ሜትሩ መለኪያ እኔ ጋ አለ፣ መሰላል ያለው ያሳውቀኝ።