የአእምሮ ሕክምና ገንዘብን ማን ይቆጣጠረው? ክርክር ከሰሜን ሸዋ

ደነባ ነኝ
ሰላም ናችሁ። ወረዳዎቻችን በጀት ሊያጸድቁ ነው። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር እንድንከራከርበት ፈለግሁ፦ በየወረዳው ለአእምሮ ሕክምና የሚወጣውን ገንዘብ የሚጠይቀው ማን ነው?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የወረዳው ምክር ቤት ለአእምሮ ጤና ራሱን የቻለ በጀት ይያዝ፤ ጤና ጽ/ቤቱም በየሩብ ዓመቱ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት ያቅርብ። ከክልል የሚመጣው ጥቅል በጀት ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ነው። የምትተርፈው የሥራ ማስኬጃ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለጽሕፈት መሣሪያ ትከፋፈላለች። ወባውም፣ ቲቢውም፣ ክትባቱም ተከራካሪ አላቸው። የአእምሮ ሕሙማን ግን በበጀት ስብሰባ ላይ ስማቸውን የሚያነሳላቸው የለም።

ዞኑ ይቆጣጠር የምትሉ ትኖራላችሁ። በአማራ ክልል የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ ዞኖቹ ማለትም አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ ናቸው። ሰሜን ሸዋ ዞን ግን የክልሉ አስተዳደር ክንፍ ስለሆነ የራሱ ምክር ቤት የለውም። ስለዚህ ሕዝብ መርጦት በቅርብ ሊጠይቅ የሚችለው የወረዳ ምክር ቤት ነው።

ነርስ ከመንዝ
ሐሳብህን አከብራለሁ ግን አልስማማም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ስለምሠራ የማየውን ልንገርህ፤ የጣቢያውን ስም አልጠራም። መጋዘን ገብተህ የፍሉፌናዚንን፣ ማለትም ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን መርፌ፣ ቢን ካርድ (የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ብታወጣ "ገቢ" የሚለው ዓምድ ለወራት ባዶ ነው። ከጎኑ ያለው የአሞክሳሲሊን ካርድ ግን ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል። ምክንያቱ ምክር ቤት አይደለም። መድኃኒት የምንገዛው ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በውስጥ ገቢያችን፣ ማለትም ጣቢያው ራሱ ከታካሚና ከጤና መድን በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። የጤና መድን ክፍያ ከዘገየ በእጃችን ያለው ጥሬ ገንዘብ ጥቂት ይሆናል። ያኔ የግዥ ኮሚቴው ቶሎ የሚሸጠውን ያስቀድማል፤ ለጥቂት ታካሚ ብቻ የሚሆነው መርፌ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ይተላለፋል። በሚቀጥለውም እንደዚያው።

ሌላው የባለሙያ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ኤምኤች ጋፕ በሚባለው፣ ጠቅላላ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ በሚያሠለጥነው መርሐ ግብር የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ዝውውር ሲያገኝ ሥልጠናውን ይዞ ይሄዳል። የሚተካው ሰው ያልሠለጠነ ነው። ምክር ቤቱ የበጀት ርዕስ ቢከፍት ይህን ያስቀራል?

የገንዘብ ጽ/ቤት ጡረተኛ
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በጀት ላይ ነው የሠራሁት። ደነባ፣ "ራሱን የቻለ በጀት" ያልከው በወረዳ አሠራር ይከብዳል። የሒሳብ መደቡ የተዘጋጀው በወጪ ዓይነት ነው፦ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የሕክምና ዕቃ እያለ ይሄዳል። የበሽታ ስም የያዘ መደብ የለም። በጀት ሠራተኛው ለአእምሮ ሕመም መደብ ልክፈት ቢል ነገ የስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ የሚጥል በሽታውም ይመጣበታል።

መቆጣጠር አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። የጤና ጣቢያ የውስጥ ገቢ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል የሚወስነው የጣቢያው ቦርድ ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ በምክር ቤት መታወጅ አለበት። የምትፈልጉት ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ጥቅል በጀቱን ትታችሁ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ።

የአረርቲዋ እናት
እኔ የመደብ ቁጥር አላውቅም። የማውቀውን ልናገር። ልጄ የወር መርፌ ነው የሚወጋው። የጤና መድን መዋጮዬን በየዓመቱ ከፍያለሁ፤ ደብተሬ ታድሷል። መድኃኒቱ የለም እየተባልኩ ከግል ፋርማሲ እገዛለሁ። ደረሰኙን ይዤ መድን ጽ/ቤት ስሄድ "ማዘዣው ላይ የለም የሚል ማኅተም ካልተመታ ገንዘቡን አንመልስም" አሉኝ። ወደ ጣቢያው ተመልሼ ማኅተሙን ምቱልኝ ብል ፋርማሲው ኃላፊውን ጠይቂ አለኝ፤ ኃላፊው ፋርማሲውን። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ማኅተሙን ከመቱልኝ መድኃኒት እንደሌላቸው በጽሑፍ ማመናቸው ነው።

መርፌው ያለፈ ጊዜ ልጄ ሌሊት አይተኛም፤ በር ከፍቶ ይወጣል፤ እኔም አብሬው አድራለሁ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ወስጄዋለሁ፣ ወደፊትም እወስደዋለሁ። ጸበሉና መርፌው እኔ ቤት አልተጣሉም። ካለ መርፌ ግን ጸበሉ ድረስም አላደርሰውም።

ነርስ ከመንዝ
እናቴ፣ የማኅተሙ ነገር በሌላም ቦታ አለ። እግዚአብሔር ያበርታሽ።

ከደብረ ብርሃን
እንዲህ ከሆነ ለምን በየጣቢያው ይበተናል? ገንዘቡ ሁሉ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይግባ። ባለሙያ አለ፣ ኦዲት አለ፣ መድኃኒት ማከማቻ አለ። ወረዳ ላይ የሚቆጣጠር ሰው እስክናገኝ ሕመምተኛው ይጎዳል።

ደነባ ነኝ
ከሚዳ ወረሞ ወይም ከጊሼ ራቤል ሕመምተኛ ይዞ በየወሩ ደብረ ብርሃን መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ቤተሰቡ ለመኪናና ለአዳር የሚከፍለው ከመድኃኒቱ ይበልጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሕክምናው ይቋረጣል። ማስረጃ ከፈለግህ አለ። በጊዜው ጉራጌ ዞን በነበረው ቡታጅራ አካባቢ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍሎ አወዳድሮ ነበር። ግማሾቹን ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ጠቅላላ ባለሙያዎች፣ ግማሾቹን ደግሞ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ተከታተሏቸው። የጤና ጣቢያው ክትትል ከሆስፒታሉ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። አማኑኤል ሆስፒታልስ ቢሆን ለስንት ዓመት ብቻውን አገሩን ሁሉ ተሸክሞ አልነበረም? ሁሉን ወደ አንድ ሆስፒታል መሰብሰብ ወደዚያው መመለስ ነው።

ከተፈናቃዮች ጋር የምሠራ
የረሳችሁት ገንዘብ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ቻይና ካምፕን ጨምሮ በመጠለያ ያለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ከወለጋ የመጣ ነው። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ደረሰ። ከዚያ ወዲህ "የሥነ ልቦና ድጋፍ" የሚል ፕሮጀክት መጥቷል፣ ሄዷል። ይህ ገንዘብ በወረዳ በጀት ውስጥ አያልፍም። በመንግሥት ቋንቋ ቻናል ሦስት ነው፤ ለጋሹ ለድርጅቱ፣ ድርጅቱ በቀጥታ ለሥራው። ምክር ቤቱ የሚያውቀው የምርቃት ቀን ሲጠራ ነው።

አዋጅ 1113/2011 ለድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ 20 በመቶ ጣሪያ አስቀምጧል። ይህን የሚያየው ግን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ወረዳው ግን ቢያንስ አንድ ነገር መጠየቅ ይችላል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ታካሚዎቹን የሚረከበው ማን ነው? መድኃኒት የጀመረን ሰው ፕሮጀክቱ አልቋል ብሎ ማቆም ከባድ ጥፋት ነው። የስምምነት ሰነዱ ሲፈረም ይህ ካልተጻፈ ወረዳው አይፈርም። ቁጥጥር ሲባል መጀመር ያለበት ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሸዋ ሮቢት
ሁላችሁም ምክር ቤት ምክር ቤት ትላላችሁ። በአገራችን ሁኔታ ምክር ቤቱ በሰዓቱ መሰብሰቡ ራሱ ጥያቄ ነው። ተሰብስቦም የጤና ጽ/ቤት ኃላፊው ሪፖርት ያነባል፣ ሁለት ሰው አስተያየት ይሰጣል፣ ይጸድቃል። አባላቱ ሪፖርቱን ቀድመው አላዩትም። እኔ የምለው ቁጥጥሩ ለዕድር ይሰጥ ነው። የዕድር ዳኞች በማን ቤት ታማሚ እንዳለ ያውቃሉ፤ ገንዘብ መያዝም ከማንም በላይ ይችሉበታል፤ ሕዝቡም ያምናቸዋል።

ነርስ ከመንዝ
እዚህ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ። "በማን ቤት ታማሚ እንዳለ ያውቃሉ" ያልከው ነው የሚያስፈራኝ። በቀበሌ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ስሙ ከወጣ እህቱን የሚያገባ ይጠፋል፤ መሬቱን ለሚከጅል ዘመድ ጥሩ ምክንያት ይሆናል። ታካሚ ደብቀው የሚያመጡብኝ ቤተሰቦች አሉ። ከገበያ ቀን ውጪ ይመጣሉ፤ ካርድ ክፍል ሲገቡ ቀበሌያቸውን ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ለዕድር የስም ዝርዝር ይቅረብ ቢባል እነዚህ ሰዎች ከነገ ጀምሮ አይመጡም። ስም መቅረቱም አይበቃም። "ከእገሌ ቀበሌ ሁለት ታካሚ" የሚል ሪፖርት ራሱ ስም ነው፤ ሁሉም ሰው ሁለቱን ያውቃቸዋል።

የገንዘብ ግልጽነት የሚባለውን የምፈራው ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች ቀድሞውንም የሌላ ሰው ዓይን ሰልችቷቸዋል።

የገንዘብ ጽ/ቤት ጡረተኛ
ልጄ፣ ፍርሃትሽ እውነት ነው። ግን መፍትሔውን አረርቲ ያለችው እህቴ ከላይ ነግራናለች። የሚቆጠረው ሰው አይሁን፤ መድኃኒት የጠፋበት ቀን ይሁን። ቢን ካርድ ላይ የታካሚ ስም የለም። አንቺ ያልሽው ባዶ ዓምድ ለኦዲተር በቂ ማስረጃ ነው። "የለም" የሚለው ማኅተምም ይቆጠር፦ በዚህ ሩብ ዓመት በወረዳው ጣቢያዎች ሁሉ ለአእምሮ መድኃኒት ስንት ማኅተም ተመታ? ቁጥሩ በወረዳ ደረጃ ተደምሮ ለቋሚ ኮሚቴ ይቅረብ። የማንም ቤት አይታወቅም።

ማኅተም መምታትን ጣቢያው እንደ ጥፋት እንዳያየው ደግሞ መምታት ግዴታ መሆን አለበት። ይህን የወረዳው ጤና ጽ/ቤት በደብዳቤ ሊያዝ ይችላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

የአረርቲዋ እናት
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ቁጥሩ ቀርቦ ከዚያስ? ዋናው ነገር የሚቀጥለው ወር መርፌው መኖሩ ነው። ለእኔ ቁጥሩ ብቻውን ምን ያደርግልኛል?

ደነባ ነኝ
ጥያቄው ትክክል ነው። እንግዲህ የራሴን ሐሳብ በዚህ መልኩ ላስተካክለው፦ ቁጥሩ ውጤት ይኑረው። ማኅተሙ ከበዛ የጣቢያው ቦርድ ከውስጥ ገቢው ለእነዚህ መድኃኒቶች የተወሰነ ድርሻ እንዲመድብ ምክር ቤቱ በውሳኔ ያስገድድ። የመድን ክፍያም በሰዓቱ ለጣቢያዎች ይለቀቅ፤ ከመኸር በኋላ የተሰበሰበው የሕዝብ መዋጮ ነው፤ ባንክ ተኝቶ ጣቢያው መድኃኒት መግዛት ሊያቅተው አይገባም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ምክር ቤት ያስፈልገናል።

ነርስ፣ ድርሻው ተለይቶ መቀመጡ የግዥ ኮሚቴውን ችግር አይፈታውም?

ነርስ ከመንዝ
ድርሻው ከተለየ ለኮሚቴው "ለጥቂት ሰው ነው" ብሎ ማስተላለፍ ይከብደዋል፤ እሱን እቀበላለሁ። ግን ለድንገተኛ የወላድ መድኃኒት ገንዘብ ባጠረን ቀን ያ ድርሻ ተቆልፎ ሲቀመጥ ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ታካሚ ነው። እኔ ያንን ቀን አውቀዋለሁ። ስለዚህ መጠኑን ምክር ቤት ከላይ አይወስን። ጣቢያው ስንት ታካሚ እንዳለው የሚያውቀው ጣቢያው ስለሆነ ቦርዱ ይወስን፤ ምክር ቤቱ ይጠይቅ።

ሸዋ ሮቢት
ቦርዱ ውስጥ ግን የታካሚ ቤተሰብ የለም። የጽ/ቤት ኃላፊዎች ናቸው የሚበዙት። ዕድር ያልኩት ለዚህ ነበር፤ የሚጮኽ ሰው እንዲኖር።

የገንዘብ ጽ/ቤት ጡረተኛ
በቦርዱ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ መቀመጫ አለ። ብዙ ቦታ ማን እንደተቀመጠበት ሕዝቡ አያውቅም እንጂ መቀመጫው አለ። የታካሚ ቤተሰብ እንዲቀመጥበት መጠየቅ ይቻላል።

ነርስ ከመንዝ
ቤተሰቡ ራሱን ለመግለጥ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ። ማንም ተገድዶ አይቀመጥ።

የአረርቲዋ እናት
እኔ ፈቃደኛ ነኝ። የልጄን ሕመም ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ የሚደበቅ ነገር የለኝም። ማመልከቻው ለማን ነው የሚጻፈው፣ ለጣቢያው ወይስ ለጤና ጽ/ቤቱ?

የገንዘብ ጽ/ቤት ጡረተኛ
ለጤና ጽ/ቤቱ ጻፊ፤ ለጣቢያው ግልባጭ አድርጊ። ገቢ ሆኖ ቁጥር እስኪሰጥሽ ድረስ ከመዝገብ ቤት አትውጪ። ቋሚ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ያንን ቁጥር ነው የምንጠቅሰው።